መኪና የሌለው ቤተሰብም እረፍት ይወጣል

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለሆቴልና ለመዝናኛ ስፍራ ባለቤቶች፣ ለባቡርና ለአውቶቡስ ድርጅቶች፣ ለቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ከጣቢያ እስከ ማረፊያ በር ያለውን መንገድ ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ትንንሽ ልጆች ያሉን፣ መኪና የሌለን ወላጆች ነን። አንዳንዶቻችን የመኪና መግዣ የለንም። አንዳንዶቻችን መንጃ ፈቃድ አላወጣንም። የማየት ችግር ያለባቸው፣ በሚጥል በሽታ ምክንያት እንዳይነዱ የተከለከሉም አሉን። የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ አያቶች አሉ። አቅሙ እያላቸው መኪና አንፈልግም ያሉም አይጠፉም። ለምን ተብለው መጠየቅ ያለባቸው አይመስለንም።

ብዕር ያስነሳን በቅርቡ የወጣ አንድ ማስታወቂያ ነው። ብዙዎቻችን ልጆች ይዘን የምንሄድበት አንድ የመዝናኛ ስፍራ እንግዶችን ከባቡር ጣቢያ የሚያመላልሰውን ሰርቪስ አቋረጠ። ምክንያቱ አብዛኛው እንግዳ በራሱ መኪና ስለሚመጣ ነው ተባለ። በዚያው ማስታወቂያ ላይ የመኪና ማቆሚያው እንደሰፋና ነፃ እንደሆነ ተበሰረ። ያለ መኪና የሚመጣው ሰው ከጣቢያ በምን እንደሚደርስ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም። ቀብድ የከፈልን ነበርን። ይመለስልን ስንል፣ ክፍሉ እንዳለ ስለሆነ የተለወጠ ነገር የለም ተባልን። ክፍሉማ አለ። መድረሻው ነው የጠፋው።

የአንድ ስፍራ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ሌላ ቦታ መርጠን ዝም እንል ነበር። ግን የትም ብንዞር ያው ነው።

ከሕፃን ጋር ያለ መኪና መጓዝ የሚከብደው መንገዱ ሲረዝም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኛ ያየነው ሌላ ነው። ባቡር ላይ ልጅ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሽንቴ መጣ ሲል መንገድ ዳር ማቆሚያ አይፈለግለትም። ወላጅ መሪ ስላልያዘ ተረት ያወራል፣ ልጁን ያቅፋል፣ የፈሰሰ ጭማቂ ይጠርጋል። ግማሽ ቀን ሙሉ ተጉዘው ልጆቻቸው አንዴም ያልተነጫነጩባቸው ወላጆች ከመካከላችን አሉ። (እድለኞች ናቸው። ሁላችንም እንደዚያ አይደለንም።)

የሚጥለን የመጨረሻው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

እስቲ አስቡት። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ አውርዷችሁ ሄደ። አንዱ ልጅ ትከሻችሁ ላይ ተኝቷል። ጀርባችሁ ላይ ቦርሳ፣ በአንድ እጃችሁ ሻንጣ አለ። የእግረኛ መንገድ የለም። የሕፃኑን ጋሪ ጠጠሩ ላይ በጉልበታችሁ እየገፋችሁ ነው፣ የፊት ጎማው እየተጠመዘዘ አልሄድ ብሏል። የአራት ዓመቷ እህቱ መንገድ ዳር ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራለች። ከፊታችሁ የሆቴሉ ታፔላ ቆሟል። ቀስት አለው። ከቀስቱ ሥር 4 ደቂቃ ይላል። በመኪና ማለቱ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ይኸው ነው። የምትጽፉት ርቀት ሁሉ የመኪና ርቀት ነው። ከጣቢያው 10 ደቂቃ ትላላችሁ፣ በምን እንደሆነ ግን አትናገሩም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ10 ደቂቃ 10 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ጤነኛ አዋቂ ያንኑ በእግሩ ልሂድ ቢል ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ከአራት ዓመት ልጅ ጋርማ አንዷን ኪሎ ሜትር እንኳ የምንጨርሳት በየድንጋዩና በየጉንዳኑ እየቆምን ነው።

ስልክ ደውለን እንጠይቃለን። መልሱ ሁሌም ቅርብ ነው፣ ታክሲ አይጠፋም የሚል ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት ይህንኑ ተብላ ሁለት ልጆች ይዛ ማታ ጣቢያ ወረደች። ታክሲ የለም። የትኬት መስኮቱ ተዘግቷል። ወደ ሆቴሉ ስትደውል ሠራተኛው በትሕትና ታክሲ እንድትጠራ መከራት። እሺ፣ የታክሲ ስልክ ስጠኝ አለችው። አልነበረውም። በመጨረሻ ያደረሳት ሚስቱን ሊቀበል የመጣ የማታውቀው ሰው ነው። ሰውየውን እናመሰግናለን። ግን አንዲት ሴት በጨለማ፣ ከሁለት ሕፃናት ጋር፣ የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ መግባቷ መፍትሔ አይባልም።

ታክሲ ሲገኝም ሌላ ጣጣ አለው። ሕፃኑ ምን ላይ ይቀመጥ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። የሕፃን መቀመጫ መጠቀም የጨቅላዎችን ሞት በ71 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችልም ይኸው ድርጅት ይናገራል። ይህ ሁሉ እየታወቀ ታክሲን ከሕፃን መቀመጫ ግዴታ ነፃ የሚያደርጉ አገሮች አሉ። በእንግሊዝ ለምሳሌ ሹፌሩ የሕፃን መቀመጫ ከሌለው ልጁ ያለ መቀመጫ መሄድ ይችላል። ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ከኋላ ይቀመጥ እንጂ ያለ ቀበቶም ይሄዳል። ሕጉ ስለፈቀደ ግጭቱ አይራራም። አንዳንዶቻችን የራሳችንን መቀመጫ ተሸክመን እንዞራለን። እሱም ከጋሪው፣ ከሻንጣውና ከልጁ ላይ ሲጨመር ነው። አንድ ማረፊያ ሁለት የሕፃን መቀመጫ ገዝቶ ከሚያውቀው ባለ ታክሲ ጋር ቢስማማ ምን ያህል ይከብደዋል? ዝናብ ሲመጣ ለእንግዳ ጃንጥላ ታውሱ የለም እንዴ?

አውቶቡስ ላይ ደግሞ ጋሪውን አጣጥፋችሁ ግቡ እንባላለን። ይህን ደንብ የጻፈ ሰው ጋሪ አጣጥፎ ያውቅ እንደሆነ እንጠራጠራለን። ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አንድ እግርም ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት ልጁን ማን ይያዘው? መሬት እናስቀምጠው ብንል መሬቱ የአስፋልት ዳር ነው። ሹፌሩ ሰዓት ይመለከታል። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ በረዥሙ ይተነፍሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፋፍን እንናገር። ለዊልቸር የተከለለው ቦታ የዊልቸር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ ላይ ፍርድ ሰጥቷል። ነገሩ የተነሳው አንዲት እናት ልጄ ጋሪው ላይ ተኝቷል፣ ቦታውን አልለቅም በማለቷና ዊልቸር ተጠቃሚው አውቶቡሱ ላይ ሳይወጣ በመቅረቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሹፌሩ አንዴ እባክሽ ብሎ ዝም ማለቱ አይበቃም አለ። እኛም እንስማማለን። የማንስማማው አንዲት ጠባብ ቦታ አስቀምጦ ሁለት የተቸገረ ሰው ማጋጨትን ነው። አዲስ አውቶቡስ ሲገዛ ለጋሪም ቦታ ይታሰብ። ያኔ ማንም ከማንም አይጣላም።

አሁን ወደ ጊዜ ሰሌዳው እንምጣ። በዚህ በኩል ብሶታችን ብዙ ነው።

በምንጠቀምበት አንድ መስመር የመጨረሻው አውቶቡስ ከጣቢያው የሚነሳው የማታው ባቡር ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። በመስኮት የአውቶቡሱን የኋላ መብራት እያየን እንገባለን። አንድ ቀን የሆነ ነገር አይደለም፣ ሰሌዳው እንደዚያ ሆኖ ነው የወጣው። የባቡሩን ሰዎች ስንጠይቅ ስለ አውቶቡስ አያገባንም ይላሉ። የአውቶቡሱ ሰዎች ባቡሩ ሳይነግረን ሰዓት ለወጠ ይላሉ። ሆቴሉ ደግሞ ትራንስፖርት ሥራችን አይደለም ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ከከተማ ራቅ ባሉ መንገዶች ብዙ አውቶቡስ የሚሠራው ለተማሪ ተብሎ ነው። ትምህርት ሲዘጋ የአውቶቡሱም ቁጥር ይቀንሳል። ልጅ ያለው ሰው እረፍት የሚወጣው ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ይህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስበው እኮ ያየው ነበር።

ባቡር መቀየሪያውም እንደዚሁ። የጉዞ አፕሊኬሽኑ አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ይበቃችኋል ይላል። አምስት ደቂቃ ለብቻው ለሚሮጥ ጎረምሳ ይበቃል። ጋሪ ለያዘ ሰው ሊፍት ይፈለጋል። ሊፍቱ መበላሸቱን የምናውቀው በሩ ላይ ደርሰን ነው። ባቡሩ ሲያመልጠንስ? በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የባቡር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ ጉዞው በአንድ ጥቅል ትኬት ከተሸጠ፣ የመጀመሪያው ባቡር ዘግይቶ ቀጣዩ ሲያመልጥ ተሳፋሪውን ሜዳ ላይ አይጥለውም። ሌላ ባቡር ይሰጠዋል ወይም ገንዘቡ ይመለስለታል። ትኬቱን ለየብቻ የገዛ ሰው ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ደንቡ ስለ ባቡር ስለሆነ ከባቡር ወደ አውቶቡስ ለሚሻገረውም አይደርስለትም። እኛ ደግሞ ሁሌም የምንሰናከለው እዚያ መሻገሪያ ላይ ነው።

ደረስን እንበል። ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው። የምንመጣው ግን ባቡሩ በሚመጣበት ሰዓት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ። ባለ መኪና ሻንጣውን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ትቶ፣ ልጁን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ይጠብቃል። እኛ እንግዳ መቀበያው ሶፋ ላይ ዳይፐር የት እንቀይር እያልን እንቁለጨለጫለን። የመውጫ ቀንም እንደዚሁ ነው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ክፍሉን አስረክቡ እንባላለን፣ ባቡሩ ማታ ነው። ክፍሉ ካልጸዳ አይሰጥም፣ ይገባናል። ግን ሻንጣ የሚቀመጥበት ጥግ፣ ሕፃን የሚቀየርበት ጠረጴዛ፣ ወተት የሚሞቅበት ነገር ቢኖር ማንም አይጎዳም።

ስለ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ማረፊያው ላይ ያለ የሕፃን አልጋ ማለት እኛ ያልተሸከምነው አልጋ ማለት ነው። የመመገቢያ ወንበሩ፣ የመታጠቢያ ገንዳው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑም እንደዚሁ። ስለዚህ አለ ስትሉን እናምናችኋለን፣ አምነንም የራሳችንን ዕቃ ቤት ውስጥ ትተን እንመጣለን። ከዚያ ስንደርስ፣ ይቅርታ፣ አልጋውን ሌላ እንግዳ ወስዶታል እንባላለን። ባለ መኪና ምናልባት ነድቶ ሄዶ አንድ ይገዛል። የእኛ ልጅ በሁለት ወንበርና በትራስ መካከል ያድራል። አለ ማለትና ለእናንተ ተይዟል ማለት የተለያዩ ናቸው፣ እባካችሁ ለዩልን።

የዕቃውን ሸክም ማቅለል ይቻላል። በጃፓን ሻንጣን ከቤት አንስቶ ሆቴል በር ላይ የሚያደርስ አገልግሎት አለ። ሰው ባዶ እጁን ባቡር ይሳፈራል፣ ሻንጣው ቀድሞት ይጠብቀዋል። ሁለት ልጅ ላለው ሰው ይህ ምን እንደሆነ የሚገባችሁ ከሆነ ሌላ ማብራሪያ አንጨምርም።

ቁጥራችሁ ትንሽ ነው ትሉናላችሁ። ሰርቪሱ የቆመውም በዚሁ ስሌት ነው። ግን የምትቆጥሩት የደረሰውን ሰው ነው። ካርታውን አይቶ፣ ሰሌዳውን አገላብጦ፣ አይ ይቅርብን ብሎ ቤቱ የቀረውን ቤተሰብ ማን ቆጠረው? ድልድይ በሌለበት ወንዝ ዳር ቆሞ ማንም አይሻገርም ብሎ እንደ መዘገብ ነው። ሰርቪሱ ከቆመ በኋላ ደግሞ ቁጥራችን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ቁጥር ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብብን ከአሁኑ እንናገራለን።

መዝናናት ቅንጦት ነው የሚለንም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ በአንቀጽ 31 ላይ እረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት ብሎ አስፍሯል። ወላጁ መኪና ካለው የሚል ነገር አልጨመረበትም።

የምንጠይቀው ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በስዊዘርላንድ ባለ ሁለት ፎቅ የረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ የልጆች መጫወቻ ያለው የቤተሰብ ፉርጎ አለ፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅም ከወላጁ ጋር በነፃ ይሄዳል። በፊንላንድ ባቡሮችም የልጆች መጫወቻ ጥግ አለ። ከሁሉ የሚገርመን የኦስትሪያዋ ቬርፈንቬንግ ናት። ትንሽ የተራራ መንደር ነች። በባቡር የመጣ፣ ወይም ደርሶ የመኪናውን ቁልፍ ያስረከበ እንግዳ በአንድ ካርድ የመንደሯን ማመላለሻዎች ይጠቀማል። ባለ መኪናው እንኳ ቁልፉን እንዲሰጥ ተለመነ ማለት ነው። በጀርመን ጥቁር ደን አካባቢም በፕሮግራሙ ውስጥ ባሉ መንደሮች ያደረ እንግዳ ኮኑስ የሚባል ካርድ ይሰጠዋል፣ በአካባቢው አውቶቡስና ባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሄዳል። ወጪው የሚሸፈነው እንግዳ ከሚከፍለው የማረፊያ ግብር ነው። ማረፊያዎች፣ ትራንስፖርቱና አስተዳደሩ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለተቀመጡ የሆነ ነገር ነው።

ወደ ኋላ የሚሄድም አለ። የጀርመን ባቡር ድርጅት እስከ 5 ሰው ላለው ቤተሰብ የነበረውን ጥቅል የወንበር ማስያዣ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አንስቷል። ያኔ ለእያንዳንዱ ወንበር ለየብቻ ይከፈል ጀመር። በነፃ የሚሳፈር ልጅም ወንበር ይያዝለት ከተባለ ይከፈልበት ጀመር። ሕፃን ከእናቱ ራቅ ብሎ እንዳይቀመጥ ብሎ ወንበር ማስያዝ ምርጫ ነው ወይ? ሌሎቻችሁ ይህን እንዳትኮርጁ እንማጠናለን።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ማረፊያዎች፦ ከጣቢያና ከፌርማታ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ጻፉ። የእግረኛ መንገድ አለ ወይስ የለም፣ ደረጃ አለ ወይስ የለም፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው፣ እነዚህን ቀብድ ከመክፈላችን በፊት እንወቅ። የሚመጣ ባለ ታክሲ ስልክ በእጃችሁ ይኑር፣ የሕፃን መቀመጫም ይኑረው። ሰርቪስ የምታቋርጡ ከሆነ ቀድሞ ያስያዘው ሰው እስኪስተናገድ ጠብቁ፣ ወይም ቀብዱን መልሱ። የተቋረጠብን ሰርቪስ በየሰዓቱ ይሂድ አላልንም። ባቡር ሲገባ ብቻ፣ አስቀድሞ በስልክ ለጠራ ሰው ብቻ ቢመጣ እንኳ ይበቃናል።

የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች፦ ሰሌዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። የመጨረሻው አውቶቡስ የመጨረሻውን ባቡር ይጠብቅ። በትምህርት እረፍት ወቅት የመዝናኛ ስፍራዎች መስመር አይቀነስ። ለጋሪና ለዊልቸር የየራሱ ቦታ ይኑር። የተበላሸ ሊፍት ከቤት ሳንወጣ ይነገረን። ከጣቢያ እስከ ማረፊያ የሚያደርስ አንድ ትኬት ይሸጥ፣ መሻገሪያው ላይ ለሚያመልጠን ነገርም ተጠያቂ ይኑር።

የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፦ ለማረፊያዎች ደረጃ ስትሰጡ የመኪና ማቆሚያ እንደምትጠይቁ ሁሉ ያለ መኪና እንዴት እንደሚደረስም ጠይቁ። ሦስቱንም ወገን የሚያገናኝ ስብሰባ ጥሩ። ስትጠሩ እኛንም ጥሩን። ልጅ ይዘን እንመጣለን፣ ስለዚህ ቦታው በአውቶቡስ የሚደረስበት ይሁን።

የሚቀጥለው የትምህርት እረፍት ሰሌዳ ከመውጣቱ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ትንንሽ ልጆች ያሉን፣ መኪና የሌለን ወላጆችና አያቶች

ግልባጭ፦
ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራት
ለታክሲ ባለንብረቶች ማኅበራት